ቴሌኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የተማራችሁ፦ ሒሳቡን ከተግባሩ ጋር ያገናኛችሁት እንዴት ነው?

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦

ሰላም ለመላው የመድረኩ አባላት። በዲግሪ መርሐ ግብር የቴሌኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን ዘርፍ የመረጥሁት በእጄ መሥራት ስለምወድ ነው፤ ገመድ መግጠም፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ማየት፣ ራውተር ማስተካከል ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ የሚለኝ ነገር ነበር። በስሙ ውስጥ «ቴክኖሎጂ» የሚል ቃል መኖሩም ሒሳቡ ቀለል ብሎ ተግባሩ የሚበዛበት ትምህርት እንደሆነ አድርጌ እንዳስብ ረድቶኛል። አሁን ግን «ሲግናልና ሲስተም» የሚባለው ኮርስ ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ። የአጋማሹን ፈተና ያለፍሁት የፎሪየር ትራንስፎርም ሰንጠረዡን ሸምድጄ እንጂ ገብቶኝ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ በኦሲሎስኮፕ የማየው ሞገድና ደብተሬ ላይ የጻፍሁት ኢንተግራል ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ሆነው አይታዩኝም።

ሁለት ነገሮችን ልጠይቃችሁ እፈልጋለሁ። አንደኛው፣ የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ዲግሪ ከኢንጂነሪንግ ዲግሪ የሚለየው በምንድን ነው፣ ልዩነቱስ ወደፊት በር ይዘጋብኛል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ በዚህ ዘርፍ ያለፋችሁ ሰዎች ሒሳቡ ከተግባሩ ጋር የተገናኘላችሁ መቼና እንዴት እንደሆነ ነው። ማለፊያ ነጥብ ማግኘት ብቻውን አልበቃኝም፤ የምሠራውን አውቄ መሥራት እፈልጋለሁ።

አስተማሪ፦

ጥያቄዎን በግልጽ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተማሪዎች ይህንኑ ስሜት ይዘው ሳይናገሩት ይመረቃሉ።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስ። በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል ያለው ልዩነት በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጭምር የታወቀ ነው። በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት የኢንጂነሪንግ ዲግሪዎችን፣ በ2001 የተፈረመው የሲድኒ ስምምነት የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ዲግሪዎችን፣ በ2002 የተፈረመው የደብሊን ስምምነት ደግሞ የቴክኒሻን ሥልጠናዎችን ይመለከታሉ። በመንፈሳቸው ሲታዩ፣ መሐንዲሱ መልሳቸው አስቀድሞ ያልታወቀ ውስብስብ ችግሮችን ከመሠረታዊ ሳይንስ ተነሥቶ እንዲፈታ ይጠበቅበታል፤ የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ባለሙያው የታወቁ ዘዴዎችን መርጦና አጣጥሞ ሰፋ ባሉ ችግሮች ላይ በሥራ ያውላል። የሙያ ፈቃድ ደንብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ የሚማሩበት መርሐ ግብር በየትኛው መስፈርት እውቅና እንዳገኘ አሁኑኑ ማጣራትዎ ተገቢ ነው፤ በተለይ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል ካሰቡ ተጨማሪ የሒሳብ ኮርሶች ሊጠየቁ ይችላሉ። ነገር ግን «የታወቀ ዘዴን መርጦ ማጣጣም» ማለት ዘዴው ለምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራ ማወቅን ስለሚያካትት፣ ከሒሳብ ነፃ የሆነ መንገድ አድርገው እንዳይወስዱት አደራ እላለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። ፎሪየር የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሞገድ ከየትኛው ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል ይዟል? ኢንተግራሉ ለእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ይህንን መጠን የሚለካ መሣሪያ ነው። ይህን በዓይንዎ ለማየት አንድ የሁለት ሰዓት ሥራ ልስጥዎ። ሲግናል ጄኔሬተሩን በ1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ሞገድ እንዲያመነጭ ያድርጉ። መሣሪያውን ከማብራትዎ በፊት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ሃርሞኒኮቹን፣ ማለትም የመነሻው ፍሪኩዌንሲ ብዜት የሆኑትን ክፍሎች፣ ያስሉ። እኩል የተከፈለ ስኩዌር ሞገድ በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ7 ኪሎኸርዝና እንዲሁ እየቀጠለ በጎዶሎ ብዜቶች ላይ ብቻ ይዘት ይኖረዋል፤ የሦስተኛው ከፍታ የመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ፣ የአምስተኛው አንድ አምስተኛ ነው። ይህ ወደ ዴሲቤል፣ ማለትም ጥምርታን በሎጋሪዝም ወደሚገልጸው መለኪያ፣ ሲቀየር ሦስተኛው ከመጀመሪያው 9.5 ገደማ፣ አምስተኛው 14 ገደማ ዝቅ ብለው መታየት አለባቸው። ቁጥሮቹን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ሞገዱን በስፔክትረም አናላይዘር ወይም በኦሲሎስኮፑ የፎሪየር ማሳያ ይመልከቱ። ቀጥሎም ሞገዱን ከ2 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን በደንብ በሚያስቀር ፊልተር ያሳልፉት፤ ማዕዘኑ የቀና ሞገድ አስገብተው ክብ ትከሻ ያለው ሳይን ሞገድ ሲወጣ ያያሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር እዚህ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።

የማስተላለፊያ መስመር ባለሙያ፦

የአስተማሪው ምክር ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ለእኔ የተገናኘልኝን ቀን ልንገርህ፤ ወንድም እንደሚያወራ ቆጥረህ አንብበው።

ከተመረቅሁ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖኝ ነበር። 20 ኪሎሜትር በሚራራቁ ሁለት ማማዎች መካከል በ7.5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የማይክሮዌቭ መስመር ስንተክል፣ በተቀባዩ በኩል የሚነበበው የሲግናል ደረጃ ከነጌቲቭ 61 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የሚገለጽ ኃይል) አልሻሻል አለ። መስመሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ትንሽ ነገር በነካው ቁጥር ይቆራረጣል። ሬዲዮው ተበላሽቷል ተብሎ ተቀየረ። ሁለተኛውም ያንኑ ቁጥር አሳየ። ገመዱም ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። አመሻሽ ላይ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባችን ወረቀት አውጥቶ «መሆን የነበረበት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም አላሰላንም ነበር።

ስሌቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በነፃ ቦታ የሚጠፋው ኃይል በዴሲቤል ሲገለጽ 32.44 ሲደመር 20 ጊዜ የርቀቱ ሎጋሪዝም በኪሎሜትር፣ ሲደመር 20 ጊዜ የፍሪኩዌንሲው ሎጋሪዝም በሜጋኸርዝ ነው፤ ለእኛ መስመር 136 ገደማ መጣ። አስተላላፊው 25 ዲቢኤም ይሰጣል፤ 1.2 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለቱ ዲሾች እያንዳንዳቸው 37 ዴሲቤል ያጎላሉ፤ በማገናኛዎች የሚጠፋው 2 ዴሲቤል ነው እንበል። ደምረህ ስትቀንስ ነጌቲቭ 39 ይሆናል። እኛ የምናነበው ከዚህ በ22 ዴሲቤል ያነሰ ነበር፤ ይህም ሊደርሰን ከሚገባው ኃይል ከመቶ አምሳኛው የማይሞላ ብቻ እየደረሰን ነበር ማለት ነው። ያ ሰው ቁጥሩን ጥቂት ካየ በኋላ «ይህ የሬዲዮ ጥፋት አይደለም፤ ዲሹ በጎን ጨረሩ ነው የሚያየው» አለ። እንዲህ ያለ ዲሽ ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ የጎን ጨረሮች አሉት፤ የመጀመሪያው ከዋናው 20 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። የዋናው ጨረር ስፋት ደግሞ ከሁለት ዲግሪ ብዙም አይበልጥም፤ ማማው ጫፍ ላይ ሆኖ በዓይን የሚለይ ነገር አይደለም።

ማማው ላይ ያለው ቴክኒሻን ብሎኑን ቀስ እያለ ማዞር ሲጀምር ደረጃው ከነበረበትም እየወረደ ሄደ። ነጌቲቭ 70፣ ነጌቲቭ 78፤ ከዚያ ሊጠፋ ተቃረበ። ቴክኒሻኑ ደንግጦ ወደ ነበረበት ሊመልሰው ሲል፣ አንጋፋው በሬዲዮ መገናኛው «አትመልስ፣ በዚያው ቀጥል» አለው። በሁለት ጨረሮች መካከል ሲግናል የማይገኝበት ሸለቆ እንዳለ ያውቃልና ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ቁጥሩ መውጣት ጀመረና ነጌቲቭ 39.5 ላይ ቆመ። የአንቴና ኮርስ ላይ ፈተና ለማለፍ ብዬ የሣልሁት የጨረር ሥዕል፣ በጠቅላላ ከነሸለቆው፣ በዚያ ምሽት በቁጥር መልክ ፊቴ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሣሪያ ከማብራቴ በፊት ስንት ማንበብ እንዳለብኝ ሳልጽፍ ሥራ ጀምሬ አላውቅም።

ፋይበር ገጣሚ፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ለብርሃንም ይሠራል። እኔ በፋይበር ኦፕቲክ መስመሮች ላይ ነው የምሠራው፤ በዴሲቤል ማሰብን የተማርሁትም ከአንድ ንጽጽር ነው። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም በ1966 ባሳተሙት ጥናት መስታወት ለረጅም ርቀት መገናኛ እንዲበቃ ብክነቱ በኪሎሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች መውረድ እንዳለበት አሳዩ። 20 ዴሲቤል ማለት ከአንድ ኪሎሜትር በኋላ የሚቀረው ብርሃን ከገባው አንድ በመቶ ነው ማለት ነው፤ በ1970 የአሜሪካው የመስታወት ኩባንያ ኮርኒንግ ይህን ገደብ ያለፈ ፋይበር ሠራ። ዛሬ የምንዘረጋው ነጠላ ሞድ ፋይበር በ1550 ናኖሜትር የሚያባክነው በኪሎሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያን ጊዜ በአንድ ኪሎሜትር ይጠፋ የነበረው ዛሬ የሚጠፋው በ100 ኪሎሜትር ነው። ይህንን በመቶኛ ለማስላት ሞክሩ፤ ዴሲቤል ለምን እንደተፈለገ ራሱ ይነግራችኋል።

ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር። ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ ወደ ፋይበሩ የብርሃን ምት እየላከ ተበትኖ የሚመለሰውን በመለካት መስመሩን በግራፍ ያሳያል። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ስፕላይስ ላይ ግራፉ በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ ሲዘል አየሁ፤ ሁለት ፋይበሮች ሲጋጠሙ ብርሃን የጨመረ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ቆርጬ እንደገና አጋጠምሁት፤ ያው ነው። ነገሩ የገባኝ መሣሪያው የሚለካው አልፎ የሄደውን ሳይሆን ተበትኖ የተመለሰውን ብርሃን መሆኑን ሳስታውስ ነው። ሁለተኛው ፋይበር ብርሃንን ወደ ኋላ የሚበትንበት መጠን ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ ግጥሚያው ላይ ብክነት እያለም ግራፉ ይወጣል። ከሌላኛው ጫፍ ሲለካ ደግሞ ያው ግጥሚያ ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ይታያል፤ እውነተኛው ብክነት የሁለቱ አማካይ ነው። ንድፈ ሐሳቡን ባላውቅ ኖሮ ጥሩ ግጥሚያ እየቆረጥሁ እውል ነበር።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በአንድ ነገር አልስማማም። በዚህ ክር ላይ የጻፋችሁት ሁሉ በማማና በገመድ ላይ የምትሠሩ ናችሁ። እኔ እንደማየው ሥራው ወደ ሶፍትዌር እየሄደ ነው፤ የድምፅ ጥሪ ሳይቀር በአይፒ ፓኬት ይተላለፋል፤ ትላንት በሃርድዌር ይሠሩ የነበሩ የኔትዎርክ ክፍሎች ዛሬ ሰርቨር ላይ እንደ ፕሮግራም ይጫናሉ። ስለዚህ ጠያቂው ጊዜውን በሊኑክስ፣ በፓይተንና በራውቲንግ ላይ ቢያውለው ይሻላል እላለሁ። እኔ በኔትዎርክ የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳየውን ዋየርሻርክ የተባለ ፕሮግራም ከፍቼ ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነት ሲጀምሩ የሚለዋወጧቸውን ሦስት የቲሲፒ (መረጃ ሳይጎድል መድረሱን የሚቆጣጠር የኢንተርኔት ደንብ) መልእክቶች አንድ በአንድ ባየሁ ቀን ከአንድ ሙሉ ሴሚስተር የበለጠ ተምሬያለሁ። ሲግናልና ሲስተምን አልፎ መሄድ በቂ ነው።

የማስተላለፊያ መስመር ባለሙያ፦

ሊኑክስንና ፓይተንን ማወቅ አስፈላጊ እንደሆነ ፈጽሞ አልከራከርም፤ እኔም ዘግይቼ በመጀመሬ የምቆጭበት ነው። «አልፎ መሄድ» በሚለው ላይ ግን ልመልስልህ። ነባሩ የቲሲፒ አሠራር ፓኬት ሲጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ይገምትና ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሬዲዮ መስመር ላይ ግን ፓኬት የሚጠፋው ሲግናሉ ስለደከመ ሊሆን ይችላል፤ መጨናነቅ የለም፣ ቲሲፒ ግን ይቀንሳል። ተጠቃሚው «መስመሩ ዘገምተኛ ሆነ» ይላል፤ ራውተሩ ላይ የሚታየው የትራፊክ መጠን ዝቅተኛ ነው፤ ታችኛውን ደረጃ የማያውቅ ሰው የራውተሩን ቅንብር ሲለዋውጥ ይውላል። አንተ በዋየርሻርክ ተደጋግሞ የተላከውን ፓኬት ታያለህ፤ ለምን እንደተደገመ የሚነግርህ ግን ከሲግናልና ሲስተም የጀመረው እውቀት ነው። የእኛ ዘርፍ ከሌሎች የሚለየው ሁለቱን ጫፎች አንድ ሰው ላይ ለማገናኘት ስለሚሞክር ነው፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ከፈለግህ ሌሎች ጥሩ የትምህርት ክፍሎች አሉ።

የአቅም ዕቅድ ሠራተኛ፦

ስለ ፕሮባቢሊቲ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ፤ ተማሪዎች ቸል ከሚሏቸው ኮርሶች አንዱ ነውና። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች አመጣጥ ያሳተመው ሥራና በ1917 ያወጣው ቀመር ዛሬም የዕለት ሥራዬ ናቸው። በሰዓት 100 ጥሪዎች ይመጣሉ፣ እያንዳንዱም በአማካይ 3 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። 100 ጊዜ 3 ለ60 ሲካፈል 5 ይሆናል፤ ይህ 5 ኤርላንግ ይባላል። በአንድ ጊዜ በአማካይ 5 ጥሪ ካለ 5 መስመር የሚበቃ ይመስላል። ቀመሩ ግን በ5 መስመር ከመቶ ጥሪዎች 28 ገደማ እንደሚታገዱ፣ በ10 መስመር ደግሞ ከመቶ ሁለት የማይሞሉ ብቻ እንደሚታገዱ ይናገራል። ሰዎች ተራ ጠብቀው ስለማይደውሉ፣ አማካዩን ብቻ ይዞ ኔትዎርክ የሚያቅድ ሰው በየቀኑ ከአራት ሰው አንዱን ደጅ ያስቀራል። እህቶቼም ወንድሞቼም፣ ይህን ኮርስ ለማለፍ ብቻ አትውሰዱት፤ ስሌቱ በተመን ሉህ ላይ አሥር ረድፍ የሚፈጅ ነው፤ በገዛ እጃችሁ ሥሩት።

ፋይበር ገጣሚ፦

በዚሁ ላይ የኃይል አቅርቦቱን አትርሱ። አብዛኛው የቴሌኮም መሣሪያ የሚሠራው በነጌቲቭ 48 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፖዘቲቩ ከመሬት ጋር የሚታሰረው የተቀበረ ብረት በኤሌክትሮሊሲስ እንዳይበላ ነው። ባትሪንና ሬክቲፋየርን (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይር መሣሪያ) የሚያውቅ ተመራቂ የትም ቦታ ይፈለጋል።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሦስተኛ ዓመቱ ወንድሜ ስለ ሶፍትዌር ያነሣው ነጥብ ስለገባኝ ፓይተንን ጎን ለጎን ጀምሬያለሁ። ዋናው ግን አስተማሪው የሰጡኝን ሥራ ትላንት መሥራቴ ነው።

ቁጥሮቹን እንዳሉኝ አስቀድሜ ጻፍሁ። ሞገዱን ሳበራ ሦስተኛው ሃርሞኒክ ከመጀመሪያው 9.6 ዴሲቤል፣ አምስተኛው 14.2 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ቆመ። ወረቀቱንና ማሳያውን እያፈራረቅሁ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። ፊልተሩን ሳስገባ ደግሞ የሞገዱ ማዕዘኖች ተነሥተው ሳይኑ ብቻ ቀረ፤ ያ ሁሉ ኢንተግራል ስለዚህ ነበር የሚናገረው ብዬ ቁጭ አልሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። በ2 ኪሎኸርዝ ላይ ምንም መኖር የለበትም ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው 30 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ያለ ትንሽ መስመር አያለሁ። ገመዱን ቀየርሁ፣ ሌላ ጄኔሬተርም ሞከርሁ፤ በሌላኛው ላይ ቁመቱ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። የስሌቴ ስህተት ነው ወይስ የመሣሪያው?

አስተማሪ፦

ስሌትዎ ትክክል ነው፤ መሣሪያውም አልዋሸም። ስሌቱ የቆመበትን ቅድመ ሁኔታ ይመልከቱ፤ «እኩል የተከፈለ» ብለናል። ሞገዱ ከፍ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ ከዑደቱ በትክክል ግማሽ ከሆነ ብቻ ነው ጥንድ ቁጥር ያላቸው ሃርሞኒኮች (ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ወዘተ) የሚጠፉት። የእርስዎ ጄኔሬተር ምናልባት 51 በመቶ ከፍ፣ 49 በመቶ ዝቅ ብሎ ይሆናል። የእያንዳንዱ ሃርሞኒክ ከፍታ የሚወሰነው የሃርሞኒኩ ቁጥር፣ ፓይና ከፍ ብሎ የሚቆይበት ድርሻ ተባዝተው በሚሰጡት ማዕዘን ሳይን ሲሆን፣ ይህም ለሃርሞኒኩ ቁጥር ይካፈላል። 0.51ን አስገብተው ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ያነጻጽሩ፤ 30 ዴሲቤል ገደማ ያገኛሉ። በኦሲሎስኮፕ ለማየት የሚያስቸግርን የ1 በመቶ መዛነፍ ስፔክትረሙ እንደዚህ አጉልቶ ያሳያል።

አሁን ቀጣዩን ልጠይቅዎ። ጄኔሬተሩ ድርሻውን የሚያስቀይር ከሆነ ወደ 25 በመቶ ያድርጉት፤ ከመለካትዎ በፊት ግን የትኛው መስመር እንደሚጠፋ ይጻፉልን።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦

0.51ን አስገብቼ አሰላሁት፤ 30.1 ዴሲቤል መጣ። ለ25 በመቶው ደግሞ፣ አራተኛው ሃርሞኒክ ላይ ማዕዘኑ ልክ ፓይ ስለሚሆን ሳይኑ ዜሮ ነው፤ ስምንተኛውና አሥራ ሁለተኛውም እንዲሁ ይጠፋሉ፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው 3 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብሎ በግልጽ ይታያል ብዬ ጽፌያለሁ። ላብራቶሪው ነገ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ የማነበውን እዚሁ እጽፋለሁ።